አግኖስቲክና ኤቲስት፦ ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ኤቲስት በአምላክ መኖር አያምንም። አግኖስቲክ ግን አምላክ አለ ወይም የለም ለማለት የሚያበቃ እውቀት የለኝም ይላል። አንዱ ስለ እምነት፣ ሌላው ስለ እውቀት ነውና ሁለቱንም የሆነ ሰው አይጠፋም። አግኖስቲክን ወላዋይ የሚሉ ግን አሉ።

ለምሳሌ የዝግመተ ለውጥ ሳይንቲስቱ ቻርልስ ዳርዊን ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የገባው ቄስ ሊሆን ነበር። እምነቱ የላላው ቀስ በቀስ ነው፤ በተፈጥሮ ውስጥ ያየው ስቃይ ከቸር ፈጣሪ ጋር አልታረቅ አለው። ይህ ድንቅ ዓለም በአጋጣሚ መጣ ማለትም ከበደው። እ.ኤ.አ. በ1879 በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥርጣሬው በበረታበት ጊዜ እንኳ አምላክ የለም ብሎ እንደማያውቅ፣ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድም አብዛኛውን ጊዜ አግኖስቲክ ቢባል ይበልጥ እንደሚስማማው ገለጸ። ስያሜውን ያወጣው ወዳጁ ቶማስ ሃክስሊ ነበር፣ በ1869። እንዲህ ዕድሜውን ሙሉ ያሰበበትን ሰው ወላዋይ ማለት ግፍ ይመስለኛል።