የጠፍር አልጋው ሲላላ፦ ስለ ሴቶች ጤና ፊዚዮቴራፒ

ፊዚዮቴራፒ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጉልበቱን የተጎዳ ኳስ ተጫዋች ነው። ወይም ስትሮክ የመታው ዘመድ። ለሴቶች ጤና ብቻ የቆመ ዘርፍ እንዳለው የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህ ዘርፍ ከወር አበባ፣ ከእርግዝና፣ ከወሊድ፣ ከማረጥ፣ ከማህፀንና ከጡት ቀዶ ጥገና ጋር የሚመጡ የጡንቻ፣ የመገጣጠሚያና የነርቭ ችግሮችን ያክማል። ዋና መሣሪያው እንቅስቃሴ ነው። የባለሙያው እጅና ምክርም አለ።

የነገሩ እምብርት የዳሌ ወለል የሚባሉት ጡንቻዎች ናቸው። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላው ጭራ አጥንት ድረስ እንደ ጠፍር አልጋ ተወጥረዋል። ፊኛን፣ ማህፀንንና የትልቁን አንጀት መጨረሻ ከታች ይሸከማሉ። ጠፍሩ ሲላላ ሴትየዋ ስትስቅ፣ ስታስነጥስ ወይም ጀሪካን ስታነሳ ሽንት ያመልጣታል። ሲብስም ማህፀን ወደ ታች ይወርዳል። ጠፍሩ ከልክ በላይ ሲወጠር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት እንደልብ አለመውጣት። ለዚህ ነው ከምርመራ በፊት ዝም ብሎ «አጠንክሪ» ማለት ትክክል የማይሆነው። የተወጠረው መጀመሪያ መላላትን መማር አለበት።

እነዚህን ጡንቻዎች የማሠልጠን ዘዴን በሰፊው ያሳወቀው አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። እንቅስቃሴው ዛሬም በስሙ ይጠራል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ፈስ እንደሚይዝ ሰው ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ትንሽ ማቆየት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ትንፋሽ አይያዝም፣ ቂጥ አይጨበጥም። ብዙ ሴቶች ግን ሳያውቁት በተቃራኒው ወደ ታች ይገፋሉ። ባለሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ምክር በአንድ ዙር ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ለ3 ወር ያህል መሥራት ነው። በሳምንት ለውጥ የጠበቀች ተስፋ ትቆርጣለች።

ከዕድሜ አንጻር ከኮረዳዎች እንጀምር። ለወር አበባ ሕመም እንቅስቃሴና ሙቀት ይረዳሉ። የጀርባ አጥንት መጣመም በሴት ልጆች ላይ ሲባባስ የሚታየው ከወንዶቹ ይበልጣል። ስለዚህ በልጅነት ቢታይ ጥሩ ነው።

እርግዝና ላይ «ተቀመጪ፣ አትንቀሳቀሺ» የሚል መካሪ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ሐኪም ካልከለከላት በስተቀር ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ብታደርግ ይመከራል። የወገብና የዳሌ ሕመም ያለባት ደግሞ አነሳሷን፣ አተኛኘቷንና አረማመዷን ማስተካከል ትማራለች።

ወሊድ ካለፈ በኋላ አራሷን የምንከባከብበት ወግ አለን። ገንፎው አለ፣ አጥሚቱ አለ፣ ሆድን በመቀነት ማሰሩም አለ። ማሰሩ ለጊዜው ደገፍ ያደርጋል እንጂ በእርግዝና ከመሃል ግራና ቀኝ የተከፈለውን የሆድ ጡንቻ አያሠለጥንም። ያንን የሚሠራው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር እንቅስቃሴ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለወለደች ሴት ብዙውን ጊዜ 10 ያህል የዳሌ ወለል ሕክምና ይታዘዝላታል፣ ወጪውንም የማኅበራዊ ዋስትናው ይሸፍናል። እኛ ጋ «ወልደሽ የለ? ያለ ነው» ይባላል። ያለ ነው፣ እውነት ነው። ግን የሚታከምም ነው።

በአገራችን ይህ ሕክምና ትልቅ ትርጉም ያገኘው ፌስቱላ ላይ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናትየዋን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ባልና ሚስቱ የማህፀን ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጡ። የፌስቱላ ሆስፒታሉን በ1974 መሠረቱ። ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አሉት።

ብዙ የማይወራው ነገር፣ ቀዳዳው መዘጋቱ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። ያው ምጥ የእግር ነርቭንም ሊጎዳ ይችላል። ያኔ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ አልነሳ ይላታል፣ ጣቶቿን እየጎተተች ትሄዳለች። ሽንቱ ይቆምልኛል ብላ ለወራት ተኮራምታ የተኛች ሴት ደግሞ ጉልበቷና ዳሌዋ ደርቀው ይቀራሉ። እንዲህ ያለችውን ቀጥ አድርጎ ለማስኬድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከቀዶ ጥገና በኋላም ሽንት እያመለጠ የሚያስቸግራቸው አሉ፤ ለእነሱ የዳሌ ወለል እንቅስቃሴው ይመጣል።

የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ያደረገች ሴትም ትከሻዋ ሊደርቅ ይችላል። ከብብቷ የሊምፍ ዕጢዎች ከወጡ ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ክንዷን ቀድማ ማንቀሳቀስ ብትጀምር ጥሩ ነው፣ ግን በባለሙያ ምክር።

ማረጥ ሲመጣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ አጥንት ይሳሳል። አንድ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል። ክብደት ማንሳትና ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። በዚህ ዕድሜ ያለች እናት ሽንት ሲያመልጣት ብዙ ጊዜ ለልጆቿ እንኳ አትናገርም። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ትተዋለች፣ ወይም ውዱዬ ፈረሰ እያለች ስትጨነቅ ትውላለች። ጡንቻው ግን በ70 ዓመትም ይሠለጥናል። ለምርመራ የምትሄድ ሴት፣ ወጣትም ሆነች አዛውንት፣ ሴት ባለሙያ እንድታያት መጠየቅ ትችላለች። የውስጥ ምርመራውም ካልፈቀደች አይደረግም።