የሕዋስን ዘብ የሚቀሰቅሱ ውህዶችን በማሽን ለርኒንግ መፈለግ ምንድን ነው?

ደረቅ የሰናፍጭ ፍሬ አፍንጫ ሥር ቢይዙት አይሸትም። ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት በዐቢይ ጾም ፍሬው ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ትንሽ ተከድኖ ሲቆይ ግን ክዳኑን የከፈተ ሰው ዐይኑ እንባ ያቀራል። ፍሬው ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡት ሲኒግሪን የተባለው ውህድና ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም በውሃ ሲገናኙ ያ የሚሰነፍጥ ነገር ይፈጠራል።

ሕዋስም ይሰነፍጠዋል። ሕዋስ ውስጥ ኤንአርኤፍ2 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ዘቡ እሱ ነው። በሰላሙ ጊዜ ኪፕ1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እየያዘ ለመፍረስ ስለሚዳርገው፣ ግማሹ በ20 ደቂቃ ገደማ ይጠፋል። የሚሰነፍጥ ሞለኪውል ኪፕ1 ላይ ያሉትን ሲስቴይን የተባሉ ክፍሎች ሲነካ ግን ማፍረሱ ይቆማል፤ ኤንአርኤፍ2 ተጠራቅሞ ወደ ኒውክለስ ይገባና ግሉታታይን የተባለውን የሕዋስ መከላከያ የሚሠሩ፣ መርዝም የሚያመክኑ ኢንዛይሞች ጂኖችን ያስነሣል። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። ቫይታሚን ሲ ሕዋስን የሚጎዱ ኦክሲጅን ያዘሉ ሞለኪውሎችን ራሱ ይዋጋል፤ እነዚህ ውህዶች ግን ነጋሪት ጎሳሚዎች ናቸው፣ ጦሩ የሕዋሱ የራሱ ነው። በ1992 ከብሮኮሊ የተለየው ሰልፎራፌን በዚህ መንገድ ከሚሠሩት በይበልጥ የታወቀው ነው።

ሌሎቹን ለማግኘት ኮምፒውተር ይገባል። የአሜሪካው ቶክስ21 መርሃ ግብር ወደ 10,000 የሚጠጉ ኬሚካሎችን፣ በብርሃን ምልክት የሚሰጥ ጂን በተተከለባቸው ሕዋሶች ላይ ሞክሯል፤ ዘቡ ሲነቃ ሕዋሱ ያበራል። ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ሞለኪውል በቁጥር ረድፍ ይጻፍለታል፦ ይህ ቀለበት ካለው 1፣ ይህ የድኝ ቁራጭ ከሌለው 0። ያበራውንና ያላበራውን እያነጻጸረ ይማርና (ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ይህ ነው፤ የተማረው ፕሮግራም ሞዴል ይባላል)፣ ገና ያልተሞከሩትን በተስፋቸው መጠን ደረጃ ያወጣላቸዋል። ቤተ ሙከራው ከላይ ያሉትን ብቻ ይፈትናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማብራቱ ብቻውን እንዳያታልለን ነው። አንዳንዱ ሞለኪውል ዘቡን ሳይቀሰቅስ በራሱ ስለሚያበራ ብርሃኑ ይጨምራል። ሌላው በመጠኑ ሲሰጥ ይቀሰቅሳል፣ ሲበዛ ሕዋሱን ይገድላል፤ ስለዚህ ሞዴሉ የሞቱትን ሕዋሶች ቁጥርም መማር አለበት። ደግሞም በአንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች የኪፕ1 ጂን ተበላሽቶ ዘቡ ሳያርፍ ነቅቶ ስለሚኖር፣ ዕጢው ራሱ ይከለልበታል። መድኃኒት ሊሆን የሚችለው በልኩ የሚቀሰቅስ ነው። በ2023 ፍሪድራይክ አታክሲያ ለተባለው የነርቭ በሽታ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኦማቬሎክሶሎን እንዲህ ያለ ነው።

ሞዴሉ ካየው ሞለኪውል በጣም የራቀ ሲያጋጥመው ግምቱ ይደክማል። የጎጃም ጓሮና ደን ያበቀላቸው ዕፅዋት ውህዶች ተለይተው ሠንጠረዡ ውስጥ እንዲገቡ የምመኘው ለዚህ ነው፤ ያበሩትም፣ ያላበሩትም።