«ተሰጥኦው አለው ወይስ የለውም?»፦ ስለ ቼዝ ሊቆች የሚወራው እና እውነታው

ቼዝ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይቺን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ወር የለም። ልጁ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። አንድ ውድድር ላይ ይሸነፋል። ወላጅ ወደ ጎን ይጠራኝና «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ተሰጥኦው አለው ወይስ በከንቱ ነው የምንለፋው?» ይለኛል። ሰውን እንዲህ የሚያስጨንቀው ስለ ሊቆቹ ልጅነት የሚወራው ወሬ ነው።

«ማስተር ሃያ እርምጃ ወደፊት ያያል» ይባላል። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሮት ግራንድማስተሮችን፣ ማለትም የቼዝን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙትን፣ ከሌሎች ጠንካራ ተጫዋቾች ጋር ሲያነጻጽር፣ ርቆ በማየት ብዙም አይበላለጡም ነበር። ግራንድማስተሮቹ ጥሩውን እርምጃ ቶሎ ያዩታል እንጂ።

«ቼዝ የወንድ ጨዋታ ነው።» ሃንጋሪያዊቷ ዩዲት ፖልጋር በ1991 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር ስትሆን የሰበረችው የአሜሪካዊውን የዓለም ሻምፒዮን የቦቢ ፊሸርን በለጋ ዕድሜ ግራንድማስተር የመሆን ክብረ ወሰን ነው። አለቀ።

«በአራት ዓመቱ ካልጀመረ አበቃለት።» ቀድሞ መጀመር ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ሶቪየታዊው ቦትቪኒክ ቼዝ የተማረው በ12 ዓመቱ ነው፤ በ1948 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኖርዌያዊውን የዓለም ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰንን ደግሞ አባቱ ገና በአምስት ዓመቱ ቢያስተምረውም ልጁ ግድ አልሰጠውም። ከዓመታት በኋላ ራሱ ሲፈልግ ተመለሰበት፤ በ13 ዓመቱ ግራንድማስተር ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «ሊቅ ሆኖ ነው የሚወለደው»። ፊሸር ጨዋታውን የተማረው በስድስት ዓመቱ ነው። በሰባት ዓመቱ ከአንድ ማስተር ጋር ተጫውቶ ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ተሸነፈ። «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» ተብሎ ሁሉም ሰው የሚያወራለትን ጨዋታ ያሸነፈው በ13 ዓመቱ፣ በ1956 ነው። መሃል ላይ ያሉትን ዓመታት ማን ያወራል? ልጁ የሶቪየት ቼዝ መጽሔቶችን ለማንበብ ብሎ ሩሲያኛ እስከ መማር ደርሷል እኮ! ሶቪየታዊውን ካርፖቭንማ ልጅ እያለ ያየው ራሱ ቦትቪኒክ በቼዝ የትም አይደርስም ብሎት ነበር። በ1975 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቦትቪኒክ የተሳሳተበትን ነገር እኔ በሦስት ወር እንዴት ልወቀው?

«የማስታወስ ችሎታውስ?» ትሉኛላችሁ። ቼስ እና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ማስተር ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ አይቶ አብዛኛውን መልሶ ይደረድራል። ጠጠሮቹ እንዲሁ ከተበተኑ ግን ከጀማሪ እምብዛም አይሻልም። ያ ትዝታ በሺህ ከሚቆጠሩ ጨዋታዎች የተለቀመ ነው።

አንዲት ተማሪዬ የመጀመሪያ ውድድሯ ላይ አምስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። እርምጃዎቿን የመዘገበችበትን ወረቀት ይዘን፣ ኮምፒውተር ሳንከፍት፣ አንድ በአንድ ደገምናቸው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ እጇ ቆመ። «እዚህም እንደዚያኛው ነው» አለች። ንጉሧ ከሦስት ወታደሮቿ ጀርባ ታፍኖ፣ መጨረሻው መስመር ላይ በሩክ፣ ቀጥ ብሎ በሚሄደው ጠጠር፣ ቼክሜት ሆኗል። እኔ አልነገርኳትም፤ ራሷ ነች ያገኘችው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከውድድር ሲመለስ «አሸነፍክ?» ከማለት «የተሸነፍከውን አሳየኝ» በሉት። ጨዋታውን ባታውቁም ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ወረቀቱን እንዳይጥል አድርጉ። በሽንፈቱ ማግስት አሰልጣኝ አትቀይሩ። ያቺ ልጅ እስካሁን ሩኳን ከኋላ መስመር ከማንሳቷ በፊት ጣቷን ንጉሧ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ታሳርፍና ትንሽ ትቆያለች።