«መደበኛ ነዋሪ» ምንድን ነው? ለንደን ሄዶ ለሚታመም የጅማ ሰው ማን ይከፍልለታል?

አክስቴ ልጇን ልትጠይቅ ለንደን ልትሄድ ነው። ቡናው ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ በርበሬው ታሽጓል። «ኢንሹራንስስ?» ብላት ሳቀችብኝ። «እዚያ እኮ ሕክምና በነጻ ነው። ልጄ ሁለቱንም ስትወልድ ሳንቲም አልከፈለችም!»

እውነቷን ነው። ልጅቷ አልከፈለችም። ያልከፈለችው ግን እዚያ ስለምትኖር ነው እንጂ ለንደን ስለተገኘች አይደለም። ነገሩ ሁሉ ያለው «መደበኛ ነዋሪ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ሰዉ ኤንኤችኤስ እያለ የሚጠራው የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሆስፒታል ተኝቶ በነጻ ለመታከም መለኪያው ፓስፖርት አይደለም። የከፈሉት ግብርም አይደለም። ጥያቄው «ኑሮህ የት ነው?» የሚል ነው። በሕጋዊ መንገድና በፈቃድህ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮህን እዚያ አድርገህ ከተቀመጥክ መደበኛ ነዋሪ ነህ። ይህን ትርጉም ያጸናው፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው ፍርድ ነው። የሚገርመው፣ ክርክሩ ስለ ሕክምና አልነበረም። ከውጭ የሄዱ ተማሪዎች «የትምህርት ድጎማ ይገባናል» ብለው የተሟገቱበት ነው። እንደኛ ቪዛ ለሚጠየቅ ሰው ደግሞ ኋላ ላይ ሌላ መስፈርት ተጨምሯል፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እስቲ ገልብጠን እንየው። የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ ጅማ የገባ፣ ቡና ላይ የተሰማራ ዲያስፖራ አለ እንበል። ቤቱም ሥራውም ልጆቹም እዚህ ናቸው። ለሁለት ሳምንት ዘመድ ሊጠይቅ ለንደን ሄዶ ሆስፒታል ቢተኛ እንደ እንግዳ ሊከፍል ይችላል። «ዜጋ ነኝ» ማለት ብቻውን አያድነውም።

ለጅማ ሰው ይህ አሠራር ያን ያህል አዲስ አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ የኛው ሊሙ ኮሳ ነበረች። ሰዉ መዋጮውን የሚከፍለው በሚኖርበት ቀበሌ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ውል ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚመጣው ሪፈር ተጽፎለት ነው። መታወቂያዬን ይዤ ደስ ያለኝ ሆስፒታል ልግባ ቢል አይሆንለትም። ውጭ አገርማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሕክምና መብት እንዲህ ነው፤ ከመኖሪያ ጋር የታሰረ ነው። አገሮች ካልተዋዋሉ በቀር ድንበር አይሻገርም። እንግሊዝ ለምሳሌ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ውል አላት። ከኢትዮጵያ ጋር የላትም።

ታዲያ አክስቴ ምን ይደርሳታል? ድንገተኛ ክፍል ብትገባ እዚያ የሚደረግላት ሕክምና በነጻ ነው። የሰፈር ሐኪም ቢያያትም አይከፈልም። እንደ ቲቢ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችም በነጻ ይታከማሉ። ነገሩ የሚለወጠው ከድንገተኛ ክፍል ወጥታ አልጋ ስትይዝ ነው። ሂሳቡ ከዚያ ይጀምራል። እንግሊዝ ውስጥ ለጎብኚ የሚታሰበው የአገልግሎቱ መደበኛ ዋጋ 150 በመቶ ነው። አጣዳፊ ከሆነ ገንዘብ የለሽም ብለው አይመልሷትም፤ ግን ደረሰኙ ኋላ ይመጣል። የማያጣድፍ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። 500 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ዕዳ ጥሎ የሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ጊዜ ቪዛ ሲጠይቅ በዚሁ ሊከለከል ይችላል።

ከስድስት ወር በላይ ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚሄድ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ከቪዛው ጋር የጤና ክፍያ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ ለተማሪ 776። ከዚያ በኋላ እንደ ነዋሪ ይታከማል። የአክስቴ የጎብኚ ቪዛ ይህን አያስከፍልም። ስነግራት ደስ አላት። እኔ ደግሞ አልተሸፈንሽም ማለት ነው አልኳት።

አደናጋሪው ነገር እንግሊዝ ለጎብኚ ቪዛ ኢንሹራንስ አምጡ አለማለቷ ነው። በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም የሸንገን አገሮች፣ ግን ያስገድዳሉ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ያልያዘ ቪዛ አያገኝም። ስለዚህ ሮም ልጇ ዘንድ የምትሄደው እናት ወዳም ሆነ ሳትወድ ተሸፍና ትሄዳለች። የለንደኗ ባዶ እጇን ትበራለች። አክስቴ ዑምራ ስትሄድም ኢንሹራንሱ ከቪዛው ጋር ተያይዞ ስለመጣ ስለ እሱ አስባም አታውቅ። አሜሪካ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ድንገተኛ ሕመምተኛን ሆስፒታል እንዳይመልስ ያስገድዳል፤ ሂሳቡን ግን አይሰርዝም።

በመጨረሻ ይዣት ሂርማታ አካባቢ ወዳለ አንድ የመድን ቅርንጫፍ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ፎርም እየሞላች ጠየቀቻት።

«እማማ፣ የቆየ ሕመም አለብዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለብኝ። ስኳር ብቻ ነው።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔም ሳቄን ዋጥኩ። እኛ ዘንድ ስኳርና ግፊት አብረው የሚኖሩ ነገሮች እንጂ ሕመም አይባሉም። ውሉ ላይ ግን ዋናው እሱ ነው። ብዙ የጉዞ መድኖች ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍኑም፣ ወይም አስቀድሞ ተነግሯቸው ተጨማሪ አስከፍለው ነው የሚሸፍኑት። ደብቀው ከሄዱና ለንደን ላይ ስኳር ከጣለዎት «አልነገሩንም» ብለው ላይከፍሉ ይችላሉ። ተጻፈ። ዋጋው ጨመረ። አክስቴ አኮረፈች።

ሌላው ያከራከረን አስከሬን መመለስ የሚለው መስመር ነው። «እኔ የሞትኩበት ይቅበሩኝ፣ ለዚህማ አልከፍልም» አለች። አብሮት የተጻፈው ግን በሕይወት መመለስም ነበር። መቀመጥ የማይችል ሕመምተኛ ተኝቶ፣ ባለሙያ ታክሎለት በአውሮፕላን ሲመጣ ወጪው ከተራ ትኬት ጋር አይወዳደርም። ያን ስትሰማ ዝም አለች።

ወረቀቱን እንደተቀበለች አጣጥፋ ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ልትቆልፍበት ነበር። ለመነን አስወጣነው። ሆስፒታል ሲገቡ ቶሎ የሚደወልበት ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነዋ! ፎቶ አንስቼ ለልጇ በቴሌግራም ላክሁላት። ወረቀቱ አሁን ከስኳር መድኃኒቷ ጋር በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።