የመምህርና የተማሪ አእምሮ መናበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መምህርና ተማሪ ሲግባቡ የአእምሯቸው እንቅስቃሴ እየተናበበ (ውጣ ውረዱ እየተመሳሰለ) እንደሚሄድ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ግኝቱ እውነት ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የሚጨመርበት ግን ብዙ ነው።

«ሐሳብ ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው በሞገድ ይሻገራል»

አይሻገርም። የአእምሮ የኤሌክትሪክ ምልክት የራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ በማይክሮቮልት የሚለካ ደካማ ነገር ነው፤ ምልክቱን የሚለቅመው ኤሌክትሮድ ቆዳውን በደንብ ካልነካ እንኳ በሌሎች ምልክቶች ጫጫታ ይዋጣል። በሁለቱ ሰዎች መካከል የሚያልፈው ድምፅ፣ እይታና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። በ2010 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። አንዲት ተራኪ በኤፍኤምአርአይ (የአእምሮን የደም ፍሰት ለውጥ በመግነጢስ በሚከታተል መሣሪያ) ውስጥ ሆና ታሪክ ተናገረች፤ አድማጮች ቅጂውን በሌላ ጊዜ ሰሙት። ተራኪዋ አጠገባቸው ሳትኖርም መናበቡ ታየ። ታሪኩ በሩሲያኛ ሲሆን ግን ቋንቋውን በማያውቁት ላይ ጠፋ። መናበቡን የፈጠረው መረዳት ነበር ማለት ነው።

«መናበብ ማለት በአንድ ቅጽበት እኩል መንቀሳቀስ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አድማጩ ይዘገያል። በዚያው ጥናት መዘግየቱ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ገደማ ነበር። አንዳንድ የአእምሮ ክፍሎች ግን ከተራኪዋ ቀድመው ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አድማጩ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታልና። ይህ ቅድሚያ የበረታባቸው አድማጮች ታሪኩን የበለጠ ተረድተውታል። በ2023 በኢኢጂ (የአእምሮን የኤሌክትሪክ ምልክት ከራስ ቆዳ ላይ በሚመዘግብ መሣሪያ) የተሠራ ጥናት ደግሞ የተማሪው ምልክት ከመምህሩ በ200 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ሲነጻጸር የትምህርት ውጤትን ይበልጥ እንደሚተነብይ አገኘ። ስለዚህ ሁለቱን ምልክቶች በዜሮ ሰከንድ ልዩነት ብቻ ያነጻጸረ ሰው ዋናው ነገር ሊያመልጠው ይችላል።

«ከተናበቡ ተማሪው ተምሯል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ድምፅ ሲሰሙ፣ አንድ ስላይድ ሲያዩ ወይም አብረው ሲነቀንቁ ምንም ሳይማሩ የአእምሯቸው ምልክት ሊመሳሰል ይችላል። ይህን ለመለየት መጀመሪያ በዕረፍት ላይ ሳሉ ለጥቂት ደቂቃ ይመዘገባል። ቀጥሎ መምህሩ ከሌላ ክፍለ ጊዜ ተማሪ ጋር በስሌት ይጣመራል፤ ይህ የውሸት ጥንድ በመቶዎች ወይም በሺዎች ጊዜ እየተቀያየረ ይደገማል። እውነተኛው ጥንድ ከውሸቶቹ በግልጽ ካልበለጠ ውጤት አለ አይባልም። (ትምህርቱ በሁሉም ክፍለ ጊዜ ተመሳሳይ ሲሆን ማነጻጸሪያው ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ልዩነት ከፊት ለፊት ግንኙነቱ የመጣ ነው።)

ፈተናም ያስፈልጋል፦ ከትምህርቱ በፊት፣ ወዲያው በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ። የ2023ቱ ጥናት አንድን መምህር ከአራት ተማሪዎች ጋር አድርጎ ይህን አሟልቷል። ከ8 እስከ 12 ኸርዝ (በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ዙር) ባለው አልፋ በሚባለው የአእምሮ ሞገድ ላይ፣ ተማሪው በኋላ በትክክል የመለሰው ጥያቄ በተብራራባቸው ቅጽበቶች መናበቡ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

«መሣሪያው ሁሉንም ያሳያል»

ኢኢጂ የዓይን ጥቅሻንና የመንጋጋ ጡንቻን አብሮ ይመዘግባል፤ መምህሩ ደግሞ ሳያቋርጥ ይናገራል። የአእምሮን የደም ፍሰት በብርሃን የሚለካው ኤፍኒርስ ለንግግር የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አመንጪውና ተቀባዩ በ3 ሴንቲሜትር ሲራራቁ ከላይኛው የአእምሮ ሽፋን አልፎ አያይም። ለትውስታ ቁልፍ የሆነው ሂፖካምፐስ ከእይታው ውጭ ነው። የራስ ቆዳ የደም ፍሰትም ይቀላቀላል፤ አመንጪና ተቀባይ 8 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ የሚራራቁበት አጭር መስመር ተጨምሮ የቆዳው ምልክት ካልተቀነሰ ውጤቱ አይታመንም።

«ዓይን ለዓይን መተያየት ይበቃል»

በ2017 በታተመ ጥናት የ12 ተማሪዎች የአእምሮ ምልክት በ11 ክፍለ ጊዜዎች ተመዝግቧል። ከክፍል በፊት ለ2 ደቂቃ ፊት ለፊት የተያዩ ጥንዶች በኋላ የበለጠ ተናበዋል። የታየው ግን በተማሪና በተማሪ መካከል ነው፤ የፈተና ውጤት ስለማሻሻሉ ምንም አይልም።

«ማነቃቂያ መሣሪያ ገዝቶ መናበብን ማምጣት ይቻላል»

በ2021 የታተመ ሙከራ የመምህሩንና የተማሪውን አእምሮ በ6 ኸርዝ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት እኩል አነቃቅቶ የዘፈን ትምህርት መሻሻሉን አሳይቷል። ሆኖም የሁለቱ የሰውነት እንቅስቃሴም አብሮ ተቀናጅቶ ነበር፤ ለውጡም በዚያ በኩል ያለፈ ይመስላል። ለመማሪያ ክፍል የሚሆነው ፍንጭ ያለው በ2020 በታተመው የኤፍኒርስ ጥናት ነው። መምህሩ መልሱን ከማብራራት ይልቅ መሪ ጥያቄ ሲጠይቅና ፍንጭ ሲሰጥ መናበቡ ከፍ ብሏል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም።