ሊጌሮ ምንድን ነው?

በስፓኒሽ «ሊጌሮ» ማለት ቀላል ማለት ነው። በሲጋር ዓለም ግን ሊጌሮ የሚባለው ቅጠል ከባዱ ነው። ራስ የሚያዞረው እሱ ነው። ስሙና ጠባዩ አይገናኙም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የማወራው ስለ ሲጋራ አይደለም፤ ስለ ሲጋር ነው። ሲጋራ ተከትፎ በወረቀት የተጠቀለለ ትምባሆ ነው። በእጅ የሚጠቀለለው ምርጥ ሲጋር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅጠል ነው። ወረቀትም ማጣሪያም የለውም። ጭሱ ወደ ሳንባ አይሳብም። አፍ ውስጥ ይያዛል፣ ይቀመሳል፣ ይለቀቃል።

ሊጌሮን ያሳዩኝ ኩባ የተማሩ አንድ ጋሼ ናቸው። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው የኩባ ደሴት ተምረዋል፤ እሳቸውም ከነሱ አንዱ ናቸው። አንድ ቀን ስለ ሲጋር ስንጫወት ቢላ አምጣ አሉኝ። ጋዜጣ ዘረጉና ሲጋሩን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት።

«ይሄ ላይኛው ካፓ ይባላል» አሉኝ። «ካባ በለው። ከሥሩ ያለው ካፖቴ ነው፤ ያው ካፖርት። ውስጡ ደግሞ ትሪፓ ነው፣ አንጀት ማለት ነው።»

እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ካባ፣ ካፖርት፣ አንጀት። ካባው ለዓይን ያማረ፣ ስስና ለስላሳ ቅጠል ነው። ካፖርቱ አንጀቱን ሰብስቦ ይይዛል። አንጀቱ እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ ረጃጅም ቅጠሎች ናቸው። ጋሼ አንድ በአንድ እየፈቱ ጋዜጣው ላይ ደረደሯቸው። አንዱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር። መሀል ላይ የነበረው ግን ጠቆር ያለ ነው፤ ወፍራምና ወዛም። ስነካው ጣቴ ላይ ቅባት ቀረ። ሊጌሮ ማለት እሱ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዘር አይደለም። ሁሉም ከአንድ ግንድ ሊለቀሙ ይችላሉ። ገበሬው ተክሉ አበባ ሊያወጣ ሲል እምቡጡን ይቀነጥበዋል፤ ጉልበቱ ወደ ቅጠሉ እንዲሄድ። ከዚያ ለቀማው ከታች ይጀምራል። በአንዴ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ ይነሳል፤ ከዚያ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ቀጥሎ ከፍ ያሉት ይለቀማሉ። ታችኛው ቅጠል ቮላዶ ይባላል። ጥላ ውስጥ የኖረ ስለሆነ ቀለል ያለ ነው፤ ዋናው ሥራው እሳቱን መያዝ ነው። መካከለኛው ሴኮ ነው፤ መዓዛው በብዛት ከሱ ይመጣል። ላይኛው ሊጌሮ ነው። ፀሐዩን በቀጥታ ያገኛል፣ ግንዱ ላይም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ዘይቱም ኒኮቲኑም ይበዛል።

ከሊጌሮም በላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ሜዲዮ ቲየምፖ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ቅጠሎች አሉ። ሁሉም ተክል አያወጣቸውም። ኮሂባ የተባለው የኩባ የሲጋር ብራንድ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቤሂኬ የሚባለው ሲጋር የታወቀው በነዚህ ቅጠሎች ነው።

ከለቀማው በኋላ ያለው ትዕግሥት ያስደንቀኛል። ቅጠሉ በጎተራ ተሰቅሎ ይደርቃል። ከዚያ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል። ጥሬ ትምባሆ አሞኒያ አለው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። በመብላላቱ አሞኒያው ይወጣል፣ ምሬቱም ይለዝባል። ሳሳ ያሉት ቅጠሎች ቶሎ ይደርሳሉ። ሊጌሮ ግን ወፍራም ስለሆነ አይቸኮልበትም። ኩባ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲያርፍ ይደረጋል።

ሲጋሩን የሚጠቀልለው ባለሙያ ብልሃት የሚታየው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በስፓኒሽ ቶርሴዶር ይባላል። ሊጌሮ እሳት ቶሎ አይቀበልም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ባለሙያው ወደ ዳር ካስቀመጠው ሲጋሩ በአንድ ጎን ነዶ በሌላው ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ሴኮና ቮላዶ ይደረደራሉ። ጋሼ የፈቷቸውን ቅጠሎች ለየብቻ በክብሪት ሲያቀጣጥሉ በዓይኔ አየሁት። ስሱ ወዲያው ተያያዘና አመድ ሆነ። ሊጌሮው ጫፉ ቀላ፣ ትንሽ ጨሰ፣ ጠፋ። እንደገና ለኮሱት፤ እንደገና ጠፋ።

ውፍረቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሲጋር ውፍረት የሚለካው ኢንች ለ64 ተከፍሎ ነው። ሮቡስቶ የሚባለው 50 ነው፣ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ። ላንሴሮ 38 ነው፣ ወደ 15 ሚሊ ሜትር። በቀጭኑ ውስጥ ለሊጌሮ የሚሆነው ቦታ ጠባብ ነው። ወፍራም ሁሉ ኃይለኛ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ወሳኙ ቀማሚው ያስገባው የሊጌሮ መጠን ነው።

አሁን ወደ ቅምሻው እንምጣ። ሰው በብዛት የሚያምታታው ሁለት ነገር አለ፦ ጉልበትና ጣዕም። የኛ ሰው ይሄንን በቡና ቶሎ ይረዳዋል። አቦልና በረካ የጉልበት ልዩነት ናቸው። ሐረርና ይርጋጨፌ ግን የጣዕም ልዩነት ናቸው። በረካም ቢሆን ይርጋጨፌ ይርጋጨፌ ነው። ሲጋርም እንደዚያው ነው። ጣዕሙ ሀብታም ሆኖ ጉልበቱ ለስለስ ያለ ሲጋር አለ። ጉልበቱ የሚጥል ሆኖ ጣዕም የሌለውም አለ። ሊጌሮ በዋናነት ጉልበቱን ነው የሚሰጠው። «ኃይለኛ ነው» ማለት «ጥሩ ነው» ማለት አይደለም፤ ይሄንን ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም።

በአንድ ነገር ግን ሲጋር ከቡናችን ይለያል። ቡና በአቦል ጀምሮ በረካ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ሲጋር በተቃራኒው ነው። ጭሱ ባልነደደው ቅጠል ውስጥ እያለፈ ዘይትና ኒኮቲን ይተውበታል። ስለዚህ የመጨረሻው ሲሶ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል።

ሊጌሮ መብዛቱን በምን ታውቃለህ? በአፍንጫህ። ጥቂት ጭስ አፍህ ውስጥ ይዘህ በጣም ትንሹን በአፍንጫህ ቀስ አድርገህ አውጣ፤ ወደ ሳንባ ሳትስብ። ምላስ ብቻዋን ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጎምዛዛ ከማለት ብዙም አትርቅም። ኮኮዋውን፣ የተቆላ ለውዙን፣ እንጨት እንጨት የሚለውን የሚለየው አፍንጫ ነው። ሊጌሮ የበዛበት እንደ ቁንዶ በርበሬ ያቃጥላል። ደግሞ አትቸኩል። በደቂቃ አንድ ጊዜ መሳብ በቂ ነው። ቶሎ ቶሎ ከሳብከው ይግልና ይመራል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የቅጠሉ አይደለም።

ቀለም አያታልልህ። እኔን ያታለለኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ባዶ ሆዴን ካባው ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ሲጋር መረጥኩ፤ ቀላል ነው ብዬ። ግማሹ ላይ ስደርስ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ አሰመጠው፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሆዴ ተገለባበጠ። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቼ ቁጭ ብዬ ነው የተመለስኩት። ፈዛዛው ካባ ሥር የተቀመጠው አንጀት በሊጌሮ የተሞላ ነበር። በተቃራኒው ማዱሮ የሚባለው ጥቁር ካባ ብዙ ጊዜ ጣፈጥ ይላል፤ ጥቁረቱ ረዘም ካለና ሞቅ ካለ መብላላት የሚመጣ ነው። ካባው ስለ አንጀቱ ጉልበት አይናገርም።

ጭሱን ወደ ሳንባ አለመሳብ ደግሞ ከጉዳት አያድንም። የሲጋር ጭስ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰርም ያመጣል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ከልክሏል፤ በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስንም እንዲሁ። እኔ ይሄንን እያወቅኩ አልፎ አልፎ እቀምሳለሁ፤ የማያጨስ ሰው ይጀምር ብዬ ግን አልመክርም።

ከ1959ኙ አብዮት በኋላ ከኩባ የወጡ ትምባሆ አብቃዮች ዘራቸውን ይዘው ኒካራጓ ገብተዋል። የኤስቴሊ ሸለቆ ጥቁር አፈር ዛሬ የሚታወቀው በኃይለኛ ሊጌሮው ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «ኤስቴሊ» እና «ሊጌሮ» የሚሉ ቃላት አብረው ካየህ፣ ካባው የቱንም ያህል ቢፈዝ፣ መጀመሪያ ምሳህን ብላ።