አሮጌው የአዳማ ባቡር ጣቢያ

አሮጌው የአዳማ (ናዝሬት) ባቡር ጣቢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀድሞው የኢትዮ–ጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ላይ የሚገኝ፣ አገልግሎቱ የተቋረጠ ጣቢያ ነው። ከሞጆ ቀጥሎ ይመጣል፤ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ወለንጪቲ፣ መተሐራና አዋሽ ይከተላሉ።

አፄ ምኒልክ የመስመሩን ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ገባ፤ ኩባንያው ከስሮ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ዝርጋታው ከጅቡቲ ስለተነሣ አዳማ ባቡር ያየችው ከዋና ከተማዋ ቀድማ ነው። ገበያውም ከተማውም የደሩት በጣቢያው ዙሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መስመሩ ነጠላ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋትም 1 ሜትር ብቻ። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ መተላለፍ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ነው። ቀድሞ የደረሰው ወደ ጎን ሐዲድ ይገባል፤ ሌላው እስኪያልፍም ይቆማል። የወለንጪቲን የመሰለ ትንሽ ጣቢያ ተሳፋሪ ባይኖረውም አስፈላጊ የነበረው ለዚህ ነው። አንዱ ባቡር ከዘገየ መዘግየቱ ለሌሎቹም ይተርፋል። አቀበቱም ቀላል አልነበረም፤ ከአዋሽ 1,000 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ አዳማን አልፎ አዲስ አበባ ለመግባት ከ1,300 ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልጋል። በእንፋሎት ዘመን ይህ ሁሉ ውኃ ይጠይቅ ነበር።

የመስመሩ መዳከም ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ሲያጥብ ብረቱ ይሰምጣል፤ ብሎን ሲላላ መጋጠሚያው ይንገጫገጫል፤ በዚህ ላይ ፍጥነት ከተጨመረ ባቡሩ ከመስመር ይወጣል። መተሐራ ላይ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ መስፋፋት ሐዲዱን ያስጨንቅ ነበር። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ። ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ጠመዝማዛ ቦታ ላይ በፍጥነት የመጣ የመንገደኞች ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጭነቱ ደግሞ ወደ መኪና እየዞረ ሄደ፤ በእኛ ግምት መስመሩን ከአደጋው ይልቅ የጎዳው ይህ ነው። በ2000 ዓ.ም. ግድም የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ ጉዞ ቀረ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳትም ዳር አልደረሰም።

መስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌላ መስመር ነው፤ የአሮጌው መስመር ፉርጎ አይሄድበትም። አዲሱ ጣቢያ ከመሃል ከተማ ስለራቀ ተሳፋሪ ባጃጅ ወይም ታክሲ ያስፈልገዋል። ከአሮጌው መስመር በ2005 ዓ.ም. ግድም ዳግም ባቡር የሄደበት ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለው ክፍል ብቻ ነው፤ የአዳማው ክፍል አልተጠገነም።